ኬክሮስን በጨረቃ ማግኘት፦ በድሬዳዋ ግቢ የሚጀመር የሴክስታንት ልምምድ

ጨረቃ ሜሪዲያንን በምታቋርጥበት ቅጽበት፣ ማለትም ከታዛቢው በቀጥታ ወደ ደቡብ ወይም በቀጥታ ወደ ሰሜን በምትሆንበት ጊዜ፣ ከአድማስ በላይ ያላት ከፍታ በሴክስታንት (መርከበኞች ማዕዘን በሚለኩበት የእጅ መሣሪያ) ከተለካ፣ መርከቡ ያለበትን ኬክሮስ ለማወቅ የሚቀረው ሥራ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ፀሐይም በቀትር ይህንኑ ታስገኛለች፤ አብዛኛው መርከበኛም ሥራውን የሚለምደው በፀሐይ ነው። ጨረቃ ግን ከምድር በአማካይ 384,400 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ ሁለት አስቸጋሪ ጠባዮች አሏት። ከምድር መሃል ሳይሆን ከምድር ገጽ ላይ ሆነን ስለምናያት ከፍታዋ እስከ 1 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ብሎ ይታያል (ይህ ልዩነት ፓራላክስ ይባላል)፤ በሰማይም ላይ ቦታዋን ከፀሐይም ከፕላኔቶችም ፈጥና ትለውጣለች። በፀሐይ ልኬት ላይ ሳይታወቅ የሚያልፍ ቸልተኝነት በጨረቃ ልኬት ላይ የብዙ ማይል ስሕተት ሆኖ የሚወጣው በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ስለሆነ፣ እኔም ረዘም ብዬ የምቆየው በእነሱ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ባሕር የላትም። ሆኖም ኬክሮሷ ወደ 9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ሰሜን መሆኑ የታወቀ ስለሆነ፣ ለጀማሪ ከባሕር ይልቅ ትመቻለች፤ በባሕር ላይ መልስዎ ልክ ይሁን አይሁን የሚያመሳክሩበት ነገር የለም፣ እዚህ ግን ወዲያውኑ ያውቁታል። ለመርከብ ሥልጠና ሊሄድ የተዘጋጀን የጎረቤቴን ልጅ ያለማመድሁትም ሳቢያን በሚገኘው ግቢያችን ውስጥ፣ ከማድ ቤት በተወሰደ ዝርግ ትሪና ከጋራዥ በመጣ የተቃጠለ ዘይት ነበር። ወደ ትሪው በኋላ እመለሳለሁ።

ከመጀመራችን በፊት አንድ የቃል ማስጠንቀቂያ አለኝ። በአማርኛ የጊዜውም የማዕዘኑም ክፍልፋይ «ደቂቃ» ስለሚባል፣ በስሌት ደብተር ላይ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ። እዚህ ማዕዘን በሚሆንበት ጊዜ «የቅስት ደቂቃ» እያልሁ ወይም በ ′ ምልክት እጽፈዋለሁ። በኬክሮስ አቅጣጫ አንድ የቅስት ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1,852 ሜትር ነው።

መሣሪያዎቹ

የሚያስፈልጉት ሴክስታንት፣ የታመነ ሰዓት፣ የዓመቱ ናውቲካል አልማናክ (የፀሐይንና የጨረቃን የሰማይ ቦታ በየሰዓቱ የሚያሰፍር የሰንጠረዥ መጽሐፍ)፣ እርሳስና ደብተር ናቸው። አልማናኩ የግድ የያዝነው ዓመት መሆን አለበት፤ የፀሐይ ሰንጠረዥ ከአራት ዓመት በኋላ በተቀራራቢነት ሊያገለግል ቢችልም፣ ያለፈ ዓመት የጨረቃ ሰንጠረዥ ለምንም አይሆንም።

ሴክስታንቱን በያዙ ቁጥር አስቀድመው የዜሮ ስሕተቱን ይመርምሩ። ተንቀሳቃሹን ክንድ በዜሮ ላይ አድርገው በባሕር ላይ አድማሱን፣ በየብስ ደግሞ አንድ ኮከብ ይመልከቱ፤ ቀጥታ የሚታየውና በመስታወቶቹ ዞሮ የሚመጣው ምስል አንድ እስኪሆኑ ድረስም ማይክሮሜትሩን (ክንዱን በጥቂት በጥቂቱ የሚያንቀሳቅሰውን መዘውር) በቀስታ ያዙሩ። ሁለቱ ሲገጥሙ ንባቡ ከዜሮ በላይ ከሆነ ያ ልዩነት ከእያንዳንዱ ልኬት ይቀነሳል፤ ከዜሮ በታች ከሆነ ይደመራል። ኮከቡ ወደ ጎን ተነጣጥሎ ሁለት ሆኖ ከታየ ግን አንደኛው መስታወት ዘንበል ብሏል ማለት ነውና መጀመሪያ እሱ ይስተካከል።

ቀኑን መምረጥ

በባሕር ላይ ልኬቱ ሁለት ነገሮች በአንድነት እንዲታዩ ይፈልጋል፤ ጨረቃና አድማስ። አዲስ ጨረቃ ሜሪዲያንን የምታቋርጠው በቀትር ገደማ ከፀሐይ አጠገብ ሆና ስለሆነ አትታይም። ሙሉ ጨረቃ የምታቋርጠው በእኩለ ሌሊት ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ጨረቃዋ ብታበራም አድማሱ አይታመንም። ከጨረቃዋ በታች ያለው ውኃ ሲያብረቀርቅ የብርሃኑ ጠርዝ አድማስ መስሎ ከእውነተኛው አድማስ በታች ይታያልና፣ የሚለካው ከፍታ ከእውነተኛው ይበልጣል። እኔ የሙሉ ጨረቃን ልኬት ሌላ አማራጭ ካላጣሁ በስተቀር አልጠቀምበትም።

የሚሻሉት ጨረቃዋ ግማሽ አካባቢ የሆነችባቸው ቀናት ናቸው። እየሞላች ያለችው ግማሽ ጨረቃ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትቃረብ፣ እየጎደለች ያለችው ደግሞ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ሜሪዲያንን ስለምታቋርጥ፣ አድማሱ እንደ ክር ጠርቶ ይታያል። የጨረቃን ዕድሜ ለማወቅ በድሬዳዋና በሐረር አልማናክ መግለጥ እንኳ አያስፈልግም፤ የሂጅራውን ቀን የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም። ከወሩ 5ኛ እስከ 9ኛ ቀን ለከሰዓት በኋላና ለማምሻ፣ ከ20ኛ እስከ 24ኛ ቀን ደግሞ ለንጋትና ለጠዋት ይሆናሉ።

በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። እነዚህ ውኃዎች ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቁ ጨረቃ አንዳንድ ጊዜ በአናት ላይ ልታልፍ ትደርሳለች። ከፍታዋ ከ80 ዲግሪ በላይ በሚሆንበት ቀን አቅጣጫዋ በፍጥነት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚዞር፣ ከየትኛው የአድማስ ነጥብ እንደሚለካ ለመለየት ያስቸግራል። እንዲህ ያለውን ቀን ማለፍ ይሻላል።

የማቋረጫውን ሰዓት ማስላት

አልማናኩ በየዕለቱ ገጽ ላይ ጨረቃ የግሪንዊችን ሜሪዲያን የምታቋርጥበትን ሰዓት ያሰፍራል። ይህ ሰዓት በየቀኑ በአማካይ በ50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ከግሪንዊች በስተ ምሥራቅ ያለ ታዛቢ ጨረቃን ቀድሞ ስለሚያገኛት፣ የዕለቱንና የቀደመውን ዕለት ልዩነት በኬንትሮሱ አባዝቶ ለ360 ያካፍልና ውጤቱን ከዕለቱ ሰዓት ይቀንሳል። በስተ ምዕራብ ያለ ደግሞ የዕለቱንና የተከታዩን ዕለት ልዩነት በተመሳሳይ መንገድ አስልቶ ይደምራል።

ለምሳሌ በአልማናኩ የዕለቱ ማቋረጫ 18፡40፣ የቀደመው ዕለት 17፡48 ነው እንበል። ልዩነቱ 52 ደቂቃ ነው። ድሬዳዋ በ41 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ምሥራቅ ገደማ ስለምትገኝ 52 በ41.87 ተባዝቶ ለ360 ሲካፈል 6 ደቂቃ ይሆናል፤ የማቋረጫው የቦታ ሰዓትም 18፡34 ነው። ኬንትሮሱ ወደ ጊዜ ሲለወጥ (15 ዲግሪ በሰዓት) 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ስለሚሆን፣ ይህን ስንቀንስ የግሪንዊች ሰዓት 15፡47 ይመጣል። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው ብቻ የተዘጋጀ ወጥመድ አለ። አልማናኩ የሚያውቀው የግሪንዊችን ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ እኛ ደግሞ ከእሱ በ3 ሰዓት ከመቅደማችን በላይ ሰዓታችንን የምንቆጥረው ከንጋትና ከምሽት ጀምረን ነው። አጭሩ መንገድ ይህ ነው፤ በቀን ሰዓት ላይ 3፣ በሌሊት ሰዓት ላይ 15 ይደምሩ፣ 12 ሰዓትን ግን እንደ ዜሮ ይቁጠሩ። ከቀኑ 10 ሰዓት 13፡00፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17፡00 ይሆናል። ድምሩ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ 24 ይቀንሱ። ቀኑንም አብረው ይጠብቁ፤ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ ስልክዎ ወደ አዲስ ቀን ቢገባም ግሪንዊች ገና በትናንቱ ቀን ላይ ናት።

ይህን የምለው ስለተቃጠልሁበት ነው። በጀማሪነቴ ዘመን አንድ ቀን የአገሬን ሰዓት እንደ ግሪንዊች ሰዓት ወስጄ አልማናኩን ገለጥሁ። የጨረቃ ዲክሊኔሽን (ከሰማይ ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ያላት የማዕዘን ርቀት) በዚያን ዕለት በሰዓት 10′ ያህል ይለወጥ ስለነበር፣ የ3 ሰዓቱ ስሕተት 30 ማይል ሆኖ መርከባችንን በቻርቱ ላይ ከበርበራ በስተ ደቡብ የብስ ላይ አስቀመጣት። ካፒቴኑ እርሳሴ ያረፈበትን ነጥብ ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ «መልህቁን የምንጥለው በግመሎቹ መካከል ነው?» አለኝ።

ልኬቱ

ከተሰላው ሰዓት 10 ደቂቃ ቀደም ብለው ይቁሙ። መጀመሪያ የሚወሰነው የትኛው የጨረቃ ጠርዝ እንደሚለካ ነው፤ የላይኛው ወይስ የታችኛው? ደንቡ ሙሉ ብርሃን ያለበትን ጠርዝ መውሰድ ነው። ግማሽ ጨረቃ በሜሪዲያን ላይ ስትሆን የበራው ጎኗ ወደ ምዕራብ ወይም ወደ ምሥራቅ ስለሚዞር ውሳኔው ዓይንን ሊያታልል ይችላል፤ የበራው ቅስት መሃሉ ትንሽም ቢሆን ወደ ላይ ካጋደለ የላይኛውን፣ ወደ ታች ካጋደለ የታችኛውን ይውሰዱ። የመረጡትንም ወዲያውኑ በደብተሩ ላይ ይጻፉ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ አይታወስዎትም።

ጨረቃዋን በመስታወቶቹ ወደ አድማስ ካወረዱ በኋላ ሴክስታንቱን እንደ ደወል ምላስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ያወዛውዙት። ምስሏ ቅስት እየሠራች ትወዛወዛለች፤ የቅስቱ ዝቅተኛ ነጥብ አድማሱን ለመንካት ያህል ብቻ እስኪደርስ ማይክሮሜትሩን ያዙሩ። ይህን የማያደርግ ሰው ሴክስታንቱን አዘንብሎ ይለካል፤ ልኬቱም ሁልጊዜ ከእውነተኛው ይበልጣል።

በፀሐይ ልኬት የተለመደው ነገር ከፍታው መጨመሩን እስኪያቆም መከታተልና የመጨረሻውን ትልቅ ቁጥር መውሰድ ነው። በጨረቃ ይህ አይሠራም። ጨረቃ ራሷ በሰዓት እስከ 15′ እና ከዚያም በላይ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስለምትሄድ፣ መርከቡም ስለሚጓዝ፣ ትልቁ ከፍታ የሚገኘው በሜሪዲያኑ ላይ ሳይሆን ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ወይም ዘግይቶ ነው። በ12 ዲግሪ ሰሜን ላይ ሆነን፣ የጨረቃ ዲክሊኔሽን 20 ዲግሪ ደቡብ ሆኖ፣ ጨረቃና መርከቡ በሰዓት 20′ የሚቀራረቡ ከሆነ፣ ትልቁ ከፍታ ከማቋረጫው 3 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይመጣል፤ ከሜሪዲያን ከፍታውም ወደ ግማሽ የቅስት ደቂቃ ይበልጣል። ስለዚህ ትልቁን ቁጥር ሳይጠብቁ በተሰላው ሰዓት ላይ ያለውን ከፍታ ይውሰዱ። እኔ ከማቋረጫው በፊት ሁለት፣ በሰዓቱ አንድ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ልኬቶችን እወስዳለሁ፤ የመሃሉ ከጎረቤቶቹ ጋር የማይስማማ ከሆነ እጄ ተንቀጥቅጧል ማለት ነው።

ማረሚያዎቹ

አልማናኩ በመጨረሻ ገጾቹ ለጨረቃ የተለየ የማረሚያ ሰንጠረዥ አለው፤ ሁለቱም የሰንጠረዡ ክፍሎች ይደመራሉ፣ የላይኛው ጠርዝ ከተለካ ደግሞ ከድምሩ 30′ ይቀነሳል። ሥራውን ያወቀ ሰው በዚህ ይጠቀም። ለሚማር ሰው ግን እያንዳንዱን ማረሚያ በእጅ ማስላት ይሻላል፤ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ ስሕተቱም ከየት እንደመጣ አይታወቅምና።

ለልምምድ ያዘጋጀሁት ምሳሌ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ያለ መርከብ ነው። ጨረቃ በስተ ደቡብ ናት፣ የተለካው የታችኛው ጠርዝ ነው፣ የሴክስታንቱ ንባብ 61° 20.4′ ነው። የዜሮ ስሕተቱ ከዜሮ በላይ 1.5′፣ የታዛቢው ዓይን ከውኃው በላይ 16 ሜትር፣ ከአልማናኩ የተወሰደው የአድማስ ፓራላክስ (ጨረቃ በአድማስ ላይ ስትሆን ያላት ፓራላክስ) 58.6′፣ በዚያ ሰዓት ያለው ዲክሊኔሽን ደቡብ 16° 10.2′ ነው።

የዜሮ ስሕተቱ ሲቀነስ 61° 18.9′ ይቀራል። ከፍ ብሎ የቆመ ሰው አድማሱን ዝቅ ብሎ ስለሚያየው ቀጥሎ የአድማስ ዝቅታ ይቀነሳል፤ መጠኑ የዓይን ከፍታ በሜትር ስኩዌር ሩቱ በ1.76 ተባዝቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ለ16 ሜትር 7.0′ ነው። ይህ 61° 11.9′ ይሰጣል። አየሩ ብርሃንን ስለሚያጎብጠው ደግሞ በዚህ ከፍታ 0.5′ ይቀነሳል፤ 61° 11.4′።

አሁን ዋናው መጣ። ፓራላክሱ የአድማሱ ፓራላክስ በከፍታው ኮሳይን ተባዝቶ ይገኛል፤ የ61° 11.4′ ኮሳይን 0.482 ስለሆነ በ58.6 ሲባዛ 28.2′ ይሆናል፣ ይደመራልም። የፀሐይ አድማስ ፓራላክስ 0.15′ ብቻ በመሆኑ ብዙዎች በፀሐይ ስሌት ይህን ረድፍ ይዘሉታል። ልምዱን ወደ ጨረቃ ይዞ የመጣ ሰው በዚህ ምሳሌ መርከቡን በ28 ማይል ወይም በ52 ኪሎ ሜትር ያዛውረዋል፤ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር እስኪገባ ድረስ በመኪና የሚኬደውን ያህል መሆኑ ነው።

በመጨረሻ ከጠርዟ ወደ መሃሏ ለመድረስ የጨረቃ ግማሽ ስፋት ይደመራል፤ የአድማስ ፓራላክሱ በ0.2725 ሲባዛ 16.0′ ነው። የላይኛው ጠርዝ ቢሆን ኖሮ ይቀነስ ነበር። ፓራላክሱ የተሰላው ከጠርዙ ከፍታ ላይ እንጂ ከመሃሉ ስላልሆነ፣ ጨረቃ ወደ አናት ስትቀርብ የሚጨምረውን ትንሽ ስፋት ለብቻው ማረም አያስፈልግም።

61° 11.4′ + 28.2′ + 16.0′ = 61° 55.6′ እውነተኛ ከፍታ

90° − 61° 55.6′ = 28° 04.4′ ከአናት ያለ ርቀት

ኬክሮሱን ማውጣት

ብዙ መጻሕፍት እዚህ ላይ ለሰሜንና ለደቡብ የተለያዩ ደንቦችን ይደረድራሉ። አንዱ ይበቃል። ዲክሊኔሽኑ ሰሜን ከሆነ በመደመር፣ ደቡብ ከሆነ በመቀነስ ምልክት ይጻፍ፤ ጨረቃ ከእርስዎ በስተ ደቡብ ካለፈች ከአናት ያለውን ርቀት ይደምሩ፣ በስተ ሰሜን ካለፈች ይቀንሱ። የመደመር ምልክት ያለው መልስ ሰሜን ኬክሮስ ነው። በምሳሌያችን −16° 10.2′ እና 28° 04.4′ ሲደመሩ 11° 54.2′ ሰሜን ይመጣል።

ዲክሊኔሽኑን ሲያወጡ በአልማናኩ ላይ ያለው ቁጥር ለሙሉ ሰዓት የተሰጠ መሆኑን ያስታውሱ። በሰዓት 15′ በሚለወጥበት ቀን 4 ደቂቃ መዘንጋት አንድ ማይል ያስከፍላል፤ ስለዚህ በሁለቱ ሙሉ ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ደቂቃዎቹ መጠን ይከፋፈል፤ ከመደመሩ ወይም ከመቀነሱ በፊትም ቁጥሩ እያደገ ወይም እያነሰ መሆኑ ይታይ።

በትሪው ላይ

ድሬዳዋ ላይ አድማሱ ተራራ ስለሆነ ለልኬት አይሆንም። በምትኩ ፀጥ ያለ ፈሳሽ ገጽ ሁልጊዜ ፍጹም አግድም ስለሚሆን፣ በሴክስታንቱ የሚለካው በሰማይ ባለችው ጨረቃና በዘይቱ ውስጥ በምትታየው ጨረቃ መካከል ያለው ማዕዘን ነው። ይህ የከፍታው ሁለት እጥፍ ነው።

ውኃ በትንሽ ነፋስ ይሸበሸባል፣ የምግብ ዘይትም ብርሃኑን ያሳልፈዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን ጥቁርና ወፍራም ስለሆነ እንደ መስታወት ያሳያል፤ አንድ ጣት ውፍረት ይበቃል። ትሪው በግንብ ጥግ፣ ከነፋስ ተከልሎ፣ በመሬቱ ላይ ይቀመጥ። በመጀመሪያው ምሽታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠነው ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ጨረቃዋ ተበጣጥሳ እንደገና እስክትሰበሰብ እንጠብቅ ነበር፤ መሬት ላይ ካወረድነው በኋላ ያስቸገሩን በዘይቱ ውስጥ የሚወድቁት የእሳት ራቶች ብቻ ነበሩ። ትሪው ግን ወደ ማድ ቤት አልተመለሰም።

በዘይቱ ውስጥ ያለችው ጨረቃ የተገለበጠች ናት። የታችኛውን ጠርዝ ለመለካት ከሴክስታንቱ የሚመጣው ምስል ከላይ ሆኖ የታችኛው ጫፉ በዘይቱ ውስጥ ያለችውን የላይኛውን ጫፍ እንዲነካ ያድርጉ፤ ለላይኛው ጠርዝ ተቃራኒው ነው። ከዚያም መጀመሪያ የዜሮ ስሕተቱን ቀንሰው በኋላ ለሁለት ያካፍሉ፤ ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። የአድማስ ዝቅታ ማረሚያ እዚህ የለም።

የሴክስታንቱ ቅስት በአብዛኛው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ስለሚለካ፣ በትሪው ከ60 ዲግሪ በላይ ያለ ከፍታ አይያዝም። በድሬዳዋ ኬክሮስ ይህ ማለት የጨረቃ ዲክሊኔሽን ከ20 ዲግሪ ደቡብ ያለፈባቸውን ጥቂት ቀናት በየወሩ መጠበቅ ነው። የጨረቃ ትልቁ ዲክሊኔሽን በ18.6 ዓመት ዑደት ከ18.5 እስከ 28.5 ዲግሪ ይለዋወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ገደማ በከፍተኛው ላይ ነበር፣ በ2034 ገደማ ደግሞ ዝቅተኛው ላይ ስለሚደርስ በዚያን ጊዜ በዚህ ትሪ ከድሬዳዋ መለካት አይቻልም።

ሌላ የልምምድ ምሳሌ ልስጥ። ንባቡ 108° 13.9′፣ የዜሮ ስሕተት 1.5′፣ የታችኛው ጠርዝ፣ የአድማስ ፓራላክስ 59.0′፣ ዲክሊኔሽን ደቡብ 25° 28.0′። ስሕተቱ ተቀንሶ ግማሹ 54° 06.2′ ነው፤ ለአየሩ 0.7′ ይቀነሳል፣ 34.6′ ፓራላክስና 16.1′ ግማሽ ስፋት ይደመራሉ፤ ከፍታው 54° 56.2′፣ ከአናት ያለው ርቀት 35° 03.8′፣ ኬክሮሱም 9° 35.8′ ሰሜን ይሆናል።

መልሱ ከታወቀው ሲርቅ የርቀቱ መጠን ራሱ ጥፋተኛውን ይናገራል። በዚሁ ምሳሌ 10° 10′ ገደማ ከመጣ ፓራላክሱ ተረስቷል። ልዩነቱ 32′ ከሆነ የጠርዙ ግማሽ ስፋት መደመር ሲገባው ተቀንሷል፤ ሁለቱ ስሕተቶች በመጠን ስለሚቀራረቡ ደብተሩን ሳያዩ አይፍረዱ። በየምሽቱ በአንድ አቅጣጫ በአንድ ወይም በሁለት የቅስት ደቂቃ የሚመጣ ልዩነት የዜሮ ስሕተቱ ምልክት መገልበጡን ወይም ከተካፈለ በኋላ መቀነሱን ያሳያል፤ አንዴ ወደ ሰሜን አንዴ ወደ ደቡብ የሚዋዥቅ ከሆነ ግን የእጅ ጉዳይ ነው። የጎረቤቴ ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት በ6′ ይዋዥቅ ነበር፤ በሦስተኛው ወር ሁለቱ ጨረቃዎች ሳይደራረቡ በጠርዛቸው ብቻ ሲነካኩ ማቆም ሲለምድ ከ1′ በታች ወረደ።